ባትሪው የጠጣው ውሃ

ትራክተሩ ወረታ የገባው በበሬ ተጎትቶ ነው። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። መንገድ ሠሪዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ለአንድ የፎገራ ባላባት ሸጡላቸው። ከሐሙሲት ወዲህ ሞተሩ አልነሣ ስላለ አራት ጥንድ በሬ ተጠምዶለት ደረሰ። ገበያተኛው መንገድ ዳር ቆሞ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከአባቴ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ስቄያለሁ። አሥመራ ጋራዥ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቼ ገና መመለሴ ነበር፤ የብረት ነገር ከኔ በላይ ላሳር ባይ ነበርኩ።

ባላባቱ ፊታውራሪ ነበሩ። ሳቁ ቆጠቆጣቸውና እኔን አስጠሩኝ። ትራክተሩን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ችግሩ ኤሌክትሪኩ ነበር፤ የድሮ ሥሪት ስለሆነ ባለ ስድስት ቮልት ነው። ያ ባትሪ ሞተሩ ሲሞቅ ይበቃዋል፤ በጠዋት ብርድ፣ ዘይቱ እንደ ቅቤ ረግቶ ሳለ ግን ግማሽ ዙር አዙሮ ይቃትትና ይተወዋል። በእጅ የሚዞረው ማኖቬላ ደግሞ ወደ ኋላ መልሶ የፊተኛውን ሾፌር ክንድ ሰብሮታል። ስለዚህ በየጠዋቱ ትራክተሩ የሚነሣው በበሬ ተጎትቶ ነበር። ጭሰኞቹ «በሬ የማያሳርፍ ማረሻ» ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው።

«ወደ አሥራ ሁለት ቮልት ይቀየር» አልኳቸው። «ያኔ ጣትዎን ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ፊታውራሪው ሽማግሌዎቹ ባሉበት ቃል ሰጡኝ። ትራክተሩ ያለ በሬ ተነሥቶ የዘንድሮውን የሽምብራ መሬት አርሶ ከጨረሰ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገናኝበት አጠገብ ካለው መሬታቸው ለጋራዥ የሚሆን ቦታ ለኔ ሊሰጡኝ። ይህ ለሌላ ሰው ምን እንደሚመስል አላውቅም። እኔ ግን «ሰማይ አምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ጨውና አቡጀዲ ሲሸጥ ጠጉሩ ሸብቷል፤ ሱቁ የቆመበት መሬት ግን የሰው ነው። በፈለጉ ቀን ተነሣ ይሉታል፣ እሱም ይነሣል። እኔ በዚያች ቦታ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደመታሁ እኔ ነኝ የማውቅ።

ክረምቱን ሙሉ ሠራሁ። ሽቦው አይጥ የበላው ስለነበር ከሥር ጀምሮ ቀየርኩት። ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ከደብረ ታቦር መንገድ ገደል ከገባ የጭነት መኪና ላይ ፈታሁት፤ መቀመጫውን ቀጥቃጭ ዘንድ አሠራሁ። አምፖሎቹንና እሳት የሚሰጠውን ቦቢና ለወጥኩ። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ተውኩት፤ ጠንካራ ስለሆነ ለአፍታ አሥራ ሁለቱን ይችለዋል። በዚያ ትራክተር ከገላው ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቩ ሳይሆን የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ ያንን የማያውቅ ሰው በአንድ ቀን ያቃጥለው ነበር። እኔ አውቅ ነበር። አዲሱ ባትሪ ከአሥመራ በአውቶቡስ ጣሪያ መጣ። ለሱ የሚሆን ውሃ ደግሞ ዝናብ በጨርቅ አጥልዬ በጠርሙስ አጠራቀምኩ።

ለፊታውራሪው ሳስረዳ ግን ምላሴን ምን ነካው እላለሁ እስከ ዛሬ። «ጌታዬ፣ ይህ ሣጥን ውሃ ይጠጣል» አልኳቸው። «ሲጎድል ካልተሞላለት ይሞታል። ታዲያ እንደ በሬ ያገኘውን አይጠጣም። እጅግ ከጠራ ውሃ በቀር አይቀምስም።» ፊታውራሪው ባትሪውን በአክብሮት ተመለከቱት።

በመስከረም መጨረሻ ትራክተሩ በመጀመሪያው ንክኪ ተነሣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ውሃው ገና ከሜዳው እየሸሸ ስለነበር ጥቂት ቀን ከፍ ባለው መሬት ላይ ሞከርነው። ፎገራን የሚያውቅ ያውቃል፤ ጥቁሩ አፈር ቀድመህ ከገባህ ይውጥሃል፣ ከዘገየህ ድንጋይ ይሆንብሃል። በመካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ሽምብራ የሚዘራው በዚያች ጊዜ ነው።

ወደ ታችኛው ሜዳ ልንገባ ባለው እሑድ ፊታውራሪው ትራክተሩ ይባረክ አሉ። የደብሩ ቄስ መጡ። እሳቸውን ሁሉም «መምሬ» ነው የሚላቸው፣ እኔም። ጸለዩ፣ ረጩ። እስከዚህ ደስ ብሎኝ ነው የቆምኩት። ከዚያ ፊታውራሪው ሎሌያቸውን ጠርተው በእንስራ የመጣ ጠበል አስቀረቡ።

«በል ክፈተው» አሉኝ ወደ ባትሪው እያመለከቱ። «ሲጎድል ካልተሞላለት ይሞታል ብለኸኛል። ከጠበል የጠራ ውሃ ደግሞ የት ይገኛል?»

ጠበሉ የተቀዳበትን ምንጭ አውቀዋለሁ። ከቀይ አፈር ሥር የሚፈልቅ፣ ቅል ቢቀዱበት በወሩ ቅሉን የዛገ የሚያስመስል ውሃ ነው። ብረት አለበት። ሰው ይፈውስ ይሆናል፤ በዚያ ነገር አልገባም። ባትሪን ግን ብረት ያለበት ውሃ ቀስ እያለ ከውስጥ ይበላዋል፤ ቀን የሞላውን ሌሊት ሲያፈስ ያድራል። ይህን አሥመራ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተማርኩት።

መምሬ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ ምን ትላለህ? የሥራው ባለቤት አንተ ነህ» አሉ።

ሃምሳ ሰው ይጠብቀኛል። አንድ እስላም፣ በፊታውራሪ ደጅ፣ በቄስ ፊት፣ ጠበል ባትሪ ያበላሻል ብሎ ሲናገር ታየኝ። ያቺ መንገድ ዳር ያለች ቦታም ታየችኝ። ከፊቴ ቆመው ከሚጠብቁኝ ሁሉ እሷ ነበረች የከበደችኝ። ከልጅነቴ የተነገረኝ ምክር አንድ ነው፦ ዝም አይነቅዝም።

«ይሁን፣ መልካም ነው» አልኩ። ስድስቱንም የባትሪ አፍ በገዛ እጄ ከፈትኩ፤ በገዛ እጄም ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲያ እንስራው ከትራክተሩ አጠገብ አልተለየም። ሎሌው በየሁለት ሦስት ቀኑ የጎደለውን ይሞላል፤ ሳይጎድልም ይሞላል። የዝናብ ውሃዬ ጠርሙስ ውስጥ ቀረ። ጠበሉ የገባበትን የባትሪውን አሲድ ልደፋና ልቀይር ብል ከጎንደር ወዲህ አሲድ የሚባል ነገር የለም፤ ጎንደር ልሂድ ብል ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። አንዳንድ ጠዋት አፌን ከፍቼ ስለ ዘይት አውርቼ ዘጋሁት።

በአሥረኛው ቀን ሞተሩን ማዞር ሞተሪኖውን ከበደው። በአሥራ አምስተኛው ግማሽ ዙር አዞረ። ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ፣ የታችኛው ሜዳ እኩሌታው ገና ሳይታረስ፣ ቁልፉን ስነካው ጠቅ ብሎ ዝም አለ። በሬዎቹን አምጡ ተባለ። ጭሰኞቹ በሬዎቻቸውን በየራሳቸው እርሻ ጠምደው ነበር፤ ፈትተው እስኪመጡ ፀሐይ ወጣ። ያን ቀን ጎትተው አስነሡት፤ በማግሥቱም፣ በሠልስቱም። በአምስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ጭሰኛ ከበሬው ቀንበሩን እያወረደ «የኔስ ማሳ አይደርቅም? በቃኝ» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ያልታረሰው መሬት እጅ እስኪያስገባ ድረስ ተሰነጠቀ።

ፊታውራሪው ቃል ሲሰጡኝ በነበሩት ሽማግሌዎች ፊት አስጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ምን ነካው? እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ።

ሁለተኛ ዕድል ማለት ይህ ነው። ሰው ሁለት ጊዜ አይጠየቅም፤ እኔ ተጠየቅሁ። «ዲናሞው አሮጌ ነበር፣ ጌታዬ። ሳላጣራ ገጠምኩት። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። የገዛ ሥራዬን፣ እንከን ያልነበረበትን ሥራ፣ በገዛ አፌ ሰደብኩት። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

«እንግዲያ የመሬቱ ነገር ይቅር» አሉ ፊታውራሪው። ከኋላ አንዱ «ድሮስ እጁ ምን እንዳለበት ማን ያውቃል» ሲል ሰማሁ። ዞሬ አላየሁትም።

ጎንደር ገብቼ በሰው ጋራዥ ተቀጠርኩ። ትራክተሩ በፊታውራሪው ግቢ ጥግ ቆሞ ቀረ፤ ዶሮ ይሰፍርበታል አሉኝ። በሁለተኛው ዓመት ለአባቴ ለቅሶ ወረታ መጣሁ። መምሬ ሊያጽናኑኝ ድንኳኑ ድረስ መጡ፤ የእስላም ለቅሶ ነው ብለው አልቀሩም። ሰው ሲሳሳ ወደኔ ጠጋ አሉ።

«ያን ጊዜ የጠየቅሁህ ሆን ብዬ ነበር» አሉኝ በዝግታ። «ያ ውሃ ዕቃ እንደሚያዝግ እኔም አውቃለሁ። አይሆንም ብትል፣ በላዩ መርጨት ይበቃል ብዬ ነገሩን ላበርደው ነበር።»

ተናደድኩ፤ በአባቴ ለቅሶ ላይ፣ በሽማግሌ ቄስ ላይ። «መምሬ፣ ካወቁ ታዲያ ለምን እርስዎ አልተናገሩም? እርስዎን ማን ይነካዎታል?» አልኳቸው።

መምሬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። መልሱን ለማግኘት ግን አልተቸገሩም።

«እኔስ የማርሳትን መሬት ማን የሰጠኝ መስሎሃል ልጄ?» አሉ።