ቁሓ ላይ የተያዘው ሃርድ ዲስክ

የሚስቴ አባት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ካለው ግቢያቸው አንዷን ክፍል ለቀውልን እንኖር ነበር። እኔ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አማት ግቢ መኖር አንገት ያስደፋል፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን እንዲሰማኝ አላደረጉም። "ወደይ" ነበር የሚሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

በዚያ ሰሞን ቢትኮይን የሚሉት የኢንተርኔት ገንዘብ ልቤን ወስዶት ነበር። መግዛት አልነበረም ሐሳቤ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተደረገውን ዝውውር ሁሉ ይዞ፣ አዲሱንም እየመረመረ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር፣ ኖድ የሚሉትን፣ ቤቴ ውስጥ ላስኬድ ፈለግሁ። በእኛ ኢንተርኔት ግን የሚሆን አልነበረም። መስመሩ ይቆረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ያወረድኩት ይበላሽና እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ አውርዶ በሃርድ ዲስክ ሊገለብጥልኝ ተስማማ። የሚያመጣ ሰው ሲጠፋ፣ አማቴ ገና ከሥራ ያልወጡ የድሮ ባልደረባቸውን ለመኑልኝ።

አውቶቡሱ መቀሌ መግቢያ፣ ቁሓ ፍተሻ ላይ ሲደርስ ተያዘ። ፈታሾች ሽቦ የተንጠለጠለበት ጥቁር ሣጥን አግኝተው ሹፌሩን ቢጠይቋቸው ምን እንደሆነ አያውቁም። ተደወለልን። ከአማቴ ጋር በባጃጅ ሄድን።

ተሳፋሪዎቹ ከነልጆቻቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ሹፌር እንደ ሌባ ግድግዳ ሥር ቆመዋል። በትግርኛ ማስረዳት ጀመርኩና ቃል አለቀብኝ፤ ወደ አማርኛ ዞርኩ።

"የገንዘብ ዝውውር መዝገብ ነው" አልኩ።

"የማን ገንዘብ?" አለኝ ፈታሹ።

"የብዙ ሰው። የመላው ዓለም።"

"ያንተስ አለበት?"

"የለበትም።"

ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ሳቀች። አማቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ፈታሹ ጠጋ አሉና፣ ልጄ ነው፣ ለሚመጣው ሁሉ ዋሱ እኔ ነኝ አሉት። ለማንም ባርኔጣ ሲያወልቁ አይቻቸው አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውየው ትንሽ አመነታና ለቀቀን።

ቤት ደርሰን ዲስኩን ስሰካው ኮምፒውተሩ መመርመር ጀመረ። አማቴ ወንበር ስበው ተቀመጡና ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጓደኛዬ ስለላከው ብቻ እንደማይቀበል፣ እያንዳንዱን ዝውውር ራሱ እንደሚያጣራ፣ ማንንም እንደማያምን ነገርኳቸው።



"እኔ ግን ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ዋስ የሆንኩህ፣ ወደይ" አሉኝ።

ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ ፈገግ እንዳሉ ነው። እሱ ባሰብኝ።

ነገሩ ተሳካ። ከጥቂት ኮምፒውተሮች ጋር ብቻ እንዲገናኝ፣ የቆየውን ለሌላ እንዳይልክ፣ አዲሱን ብቻ እንዲያወርድ አደረግሁት፤ ያቺ ቀጭን መስመር ይህን ቻለችው። ባልደረቦቼ መጥተው አይተው አደነቁ። ዲስኩ እንዴት እንደመጣ ግን ማንም ሲጠይቀኝ ወሬ እቀይር ነበር።

ሹፌሩን ይቅርታ ልጠይቅ መናኸሪያ ሄድኩ። አላስጨረሱኝም።

"ዕቃው ደህና ነው? መንገዱ እንዳያንገጫግጨው በጋቢዬ ጠቅልዬው ነበር" አሉኝ።

ደህና ነው አልኳቸው። ቀና ብዬ ግን ላያቸው አልቻልኩም።