የአርብ ንባብ

ተማሪዎቹ የድርሰት መምህራቸውን «ምላጭ» ይሉታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ ይህን አያውቅም፤ የሚወዱት ይመስለው ነበር። ስሙን ያወጣለት አስተራረሙ ነው። የአንድ ልጅ ድርሰት እጁ ከገባ ቆዳውን ገፎ፣ ሥጋውን መልምሎ፣ አጥንቱን ብቻ ይመልስለታል። በወጣትነቱ ራሱም ልብ ወለድ ጽፎ የአሳታሚዎችን ደጅ ሲጠና ከርሟል። አንደኛው «ያንተ ሰዎች አይደሙም» ብሎ ረቂቁን መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ሲያመነዥግ ኖረ። የራሱን ሰዎች ማድማት ቢያቅተው ወደ ሰው ልጆች ዞረ።

ብሎጉን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። ደብተር ላይ የሚጻፍ ድርሰት ለመምህር ብቻ ይጻፋል፣ ለመምህር የተጻፈ ደግሞ ውሸት ነው ይላል። ቁልፎቻቸው ተፍቀው ፊደል በማይለይባቸው ኮምፒዩተሮች ፊት ልጆቹን ደርድሮ፣ ለእያንዳንዳቸው አገር ምድሩ የሚያነበው ገጽ ከፈተላቸው። ከየጽሑፉ ግርጌ የአንባቢው ቁጥር ይታያል። ሕጉም ይኸው ነበር፤ አርብ አርብ ብዙ የተነበበውን ጽሑፍ ምላጭ ራሱ ከክፍሉ ፊት ቆሞ፣ አንዲት ቃል ሳይዘል ያነበዋል። ቃሉ አፌ ላይ ትኩስ ይሁን እያለ እስከዚያ ገጾቹን አይከፍትም። አንባቢ ያጣው ልጅ ደግሞ የራሱን ቆሞ ያነባል፤ ሌላው ይስቃል። ሳቁም ትምህርት ነው ይል ነበር።

የሒሳቡ መምህር፣ ያው የሻይ ጓደኛው፣ ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም እያለ ሲመክረው፣ አንተ ቁጥርህን ቁጠር ብሎ ያሾፍበታል።

ቆማ የሚሳቅባት ሁልጊዜ አንዲት ልጅ ነበረች። ከበሩ አጠገብ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋ ከጥርሷ የማያልፍ የአናጺ ልጅ። ስለ ዝናብ ትጽፋለች፣ ስለ ጓደኝነት ጥቅም ትጽፋለች፤ ጓደኛ ግን የላትም። አንድ አርብ ሲስቁባት ቆይተው ሲወጡ ምላጭ አስቀራት።

«ቤታችሁ የምትደብቁት ነገር የለም?» አላት።

የደብተሯን ጠርዝ ማጣጠፍ ጀመረች።

«አለ ማለት ነው። እሱን ጻፊው። አትዘኚ፣ አታልቅሺ። ያየሽውን ብቻ።»

ጻፈችው። ታላቅ ወንድሟን ነበር፤ አእምሮው እንደ ሕፃን የቀረ፣ ጎረቤት እንኳ መኖሩን የማያውቀው፣ ጓሮ ክፍል ውስጥ ጢም ያበቀለ ሰው። ቀኑን ሙሉ ትንሿ መስኮት ላይ አገጩን አስደግፎ የኋላውን ግድግዳ ያያል፤ ወፍ ካረፈች ያጨበጭባል። እናቱ እንዴት እንደምታጥበው፣ እንግዳ ሲመጣ አባቱ እንዴት አፉን በእጁ እንደሚይዘው፣ አንዱንም አላስቀረች።

ጽሑፉ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። አርብ ምላጭ ጉሮሮውን ጠራርጎ አነበበውና «ይኸውላችሁ፣ ይህ ይደማል» አለ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ተቀመጠች። እሱም ደስ አለው፤ ከልቡ ደስ አለው።

በማግስቱ የሰፈር ልጆች ጓሮውን ዞረው መስኮቱ ሥር ተሰለፉ። እንዲያጨበጭብ ያጨበጭቡለታል፣ ስልክ ይደግኑበታል፣ ሲሰለቻቸው ጠጠር ይወረውሩበታል። አባትየው አናጺ ነው፤ ሳንቃ አላጣም። መስኮቱን በሚስማር ጠረቀመው። ልጅቷም ከትምህርት ቀረች። ይህን ሁሉ ለምላጭ ያወራለት የሒሳቡ መምህር ነው፤ አናጺው አቤት ሳይል አይቀርም ብሎም ጨመረበት።

ጊዜው ክፉ ነበር። ምላጭ ስንት ዘመን አንገቱን ደፍቶ የጠበቀው የምክትል ርእሰ መምህርነት ቦታ ተከፍቷል፤ ርእሰ መምህሯም ስሙ የገነነውን የአርብ ንባብ ክፍል ገብታ ልታይ ቀጠሮ ይዛለች። ስለዚህ አናጺው ቤት ሄደ።

አናጺው የመጋዝ ብናኝ ከእጁ እያራገፈ በር ከፈተ፤ በርጩማ አቀረበለት። ምላጭ ስለ ትምህርት ቤቱ ስም አወራ፣ ጽሑፉ ቶሎ ይጥፋ አለ፣ እንጀራዬን አትዝጉብኝ አለ። ከጓሮው ክፍል ጭብጨባ ይሰማል፤ ወፍ የለም፣ ብርሃንም የለም፣ ሰውየው ዝም ብሎ ያጨበጭባል። ምላጭ እንዲደመጥ ድምፁን ከፍ አደረገ። በመጨረሻም ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ።

አናጺው ያዘው። «ተዉ መምህር። እኔ አቤት የምልበት አፍ የለኝም» አለ። «ገበናዬ አንዴ ወጥቷል። ብታጠፉትስ ማን ይረሳዋል?»

ምላጭ ተነፈሰ። ሲወጣ በር ላይ ለቆመችው ልጅ ከነገ ጀምሮ እንድትመጣ፣ ጽሑፉን እንድታጠፋ፣ ማን አዘዘሽ ካሏት ከራሴ ነው እንድትል ነገራት።

«እሺ ቲቸር» አለች። «ሌላ ልጻፍ?»

«ጻፊ» አላት ለመገላገል።

«ያየሁትን ብቻ?»

«ያየሽውን ብቻ።»

አርብ ርእሰ መምህሯ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምላጭ ሕጉን በኩራት አስረዳት፤ አንዲት ቃል አይዘለልም አላት። ከዚያ ብዙ የተነበበውን ከፈተ። የልጅቷ ነበር። ክፍሉ ሁሉ አስቀድሞ አንብቦታል፤ አንድም የሚስቅ የለም።

«ቲቸር ቤታችን መጡ» ብሎ ጀመረ። «ጫማቸውን በር ላይ ጠረጉ። አባቴ በርጩማ ሰጣቸው። ጽሑፉን አጥፊ አሉኝ። ማን አዘዘሽ ካሉሽ ከራሴ ነው በይ አሉኝ። የአባቴን ጉልበት ሊስሙ ሲያጎነብሱ ወንድሜ ጨለማ ውስጥ ያጨበጭብ ነበር። ቲቸር ጭብጨባውን ሰምተዋል፤ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ አይቻለሁ።»

ዓይኑ እንደ ልማዱ የሚቆረጥ ቃል ፈለገ፤ አላገኘም። የኮምፒዩተሩን ገጽ ሊዘጋ እጁን ዘረጋ።

«አንድ ዐረፍተ ነገር ቀርቷል፣ ቲቸር» የሚል ድምፅ ከበሩ አጠገብ መጣ። የኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ።

ርእሰ መምህሯም ትጠብቅ ነበር። ምላጭ አነበበው።

«ስሙን እንኳ አልጠየቁም።»