ለናፍጣ በሊታዎች ያቀረብኩት አተላ

ነገሩ አንድ የውሃ ጉድጓድና የባለቤቴን ጠላ ቤት ፈጀብኝ። የብሩን ነገር ተዉት፤ ፍኖተ ሰላም ላይ በርበሬ ሲነግድ ለኖረ ሰው ኪሳራ ብርቁ አይደለም።

የጎረቤቴ ወፍጮ ቤት የናፍጣ በርሜል ሥር ለሥር ሲያፈስ ከርሞ ኖሮ፣ አንድ ጠዋት የጓሯችን ጉድጓድ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ። ቧንቧው የሚመጣው ሲያሻው ነው፤ የምንጠጣውም ጠላ የሚጠመቀውም ከዚያ ጉድጓድ ነበር። ባለወፍጮው መጥቶ አሸተተና «ይጠራል፣ ታገሡ» ብሎ ሄደ። እሱ እንደሆን ቢራ ነው የሚጠጣው።

ባለቤቴ ጋኖቿን ደፍታ፣ «ይህ ጉድጓድ ከሞተ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለችኝ።

ልጃችን ባሕር ማዶ ናት። ከባሕር ውስጥ ነዳጅ በሚወጣበት አካባቢ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ታጠናለች። ጨንቆኝ ደወልኩላት።

«አባባ፣ ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ» አለች። «ሙያው ያለው ሰውነታቸው ውስጥ ባለች ትንሽ ቀለበት ላይ ነው፤ ፕላዝሚድ እንላታለን። አንዱ ቅጂዋን ለጎረቤቱ ይሰጣል።»

«ከኛ ጎረቤት ይሻላሉ በይኛ!»

ሳቀች። «የባሕሮቹ እዚያ አይኖሩም። ናፍጣ በጠጣ የጋራዥ አፈር ውስጥ ግን መሰሎቻቸው አይጠፉም። ይሞክሩት፤ ዋስትና የለኝም። ውሃውንም እንዳትጠጡት። ደግሞ ቀለበቷ ሸክም ናት፤ ሌላ የሚበላ ካገኙ ይጥሏታል፤ ናፍጣ መብላቱም ይቀራል። ምንም ምግብ እንዳይጨምሩላቸው።»

ቡሬ ካለ ጋራዥ አፈር በማዳበሪያ ከረጢት አምጥቼ በገመድ ወደ ጉድጓዱ አወረድኩ። በየማለዳው አፍንጫዬን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ደፍቼ አሸታለሁ። ሽታው ቀነስ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ ባሰ። እንደገና ቀነሰ። ተስፋ ከናፍጣ ይልቅ ያሰክራል።

«ደቦ ጠርተህ ጦማቸውን ታሳድራቸዋለህ?» አለች ባለቤቴ።

እውነቷን መሰለኝ። በኛ አገር ደቦ ጠርቶ ጠላ አለማቅረብ ነውር ነው። የልጄን ቃል ሰምቻለሁ፤ ግን ሳይበላ የሚሠራ ፍጡር አይቼ አላውቅም። ከመጨረሻው ጥምቅ የተረፈውን አተላ በባልዲ ገለበጥኩላቸው።

በሳምንቱ ጉድጓዱ አረፋ ደፍቆ ገማ። ናፍጣው ግን ላዩ ላይ እንደ ተንጣለለ ነው። ደወልኩ።

«ምን አበሏቸው?»

«አተላ።»

«እንግዲህ ጠግበዋል፣ አባባ።»

ጉድጓዱን በድንጋይ ደፈንኩት። ባለቤቴ ጋኖቿን በጋሪ አስጭና እናቷ ዘንድ ሄደች። እኔ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ውሃ ከወንዝ እቀዳለሁ።