ኮምፒውተሬና የአባቴ መጥረቢያ

ኮምፒውተሬ ቶሎ እንዲነሳ ብዬ ሴቲንጉን የነካካሁት እኔው ነኝ፤ ሲንቀራፈፍብኝ ግን «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ብዬ ሚስቴን ሰደብኳት። ፈረስ መጋላ አደባባይ ኮምፒውተር የምትጠግነው ሰሚራ አየችውና፣ «ሲነሳ መጀመሪያ ሲዲ ይፈልጋል፣ ከዚያ ኔትወርክ፤ የራሱን ዲስክ የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው» አለችኝ።

ባዶው የሲዲ ማስገቢያ ቋ ቋ ሲል፣ ልጅ ሆኜ አባቴ የጎረቤታችንን የሽማግሌውን የአው ዩሱፍን በር በጡጫ ሲደበድብ ትዝ አለኝ።

«አንተ ዩሱፍ፣ መጥረቢያዬን መልስ!»

መጥረቢያው ከእኛው አልጋ ሥር ተገኘ። አው ዩሱፍ ሁለቱን ግቢ የምታገናኘውን ትንሽ በር ዘጉና «ወላሂ፣ ከእንግዲህ አትከፈትም» አሉ። እኔ ማጠፊያው የዛገ መስሎኝ፣ «ዘይት ላምጣ?» አልኳቸው።

ሰሚራ ቅደም ተከተሉን አስተካከለችልኝ። ቤት ስገባ ሚስቴ መኝታ ቤቱን ከውስጥ ቆልፋለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ በሩ ላይ ተለጥፌ። «ኮምፒውተሩም አሁን ቶሎ ይነሳል።»

«ጎሽ» አለችኝ። «ዛሬ አብራችሁ እደሩ።»