የእትዬ ሊን ምክር

የጉልበት ማሻ ቅባት ሽታ በድንገት ሲመጣብኝ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የነበረው ግቢያችን ፊቴ ድቅን ይላል። ትልቁን ቤት ለአንድ ቻይናዊ የመንገድ መሐንዲስና ለሚስቱ አከራይተን እኛ ሰርቪሱ ውስጥ እንኖር ነበር። ልጆች እትዬ ሊን የምንላት ይህች ሚስቱ ለአገሯ ብሔራዊ ቡድን መረብ ኳስ ተጫውታ በጉዳት የተሰናበተች ነበረች፤ ክረምቱ ሲበረታ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቶቿን በዚያ ቅባት ታሽ ነበር።

መስከረም ሲጠባ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ሜዳ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ገመድ ወጥራ ታሠለጥነኝ ጀመር። በአሥራ ሁለት ዓመቴ እናቴን በቁመት በልጫት ስለነበር የሰፈሩ ወንዶች «ቀጭኔ፣ እላይ ቤት ዘነበ ወይ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እትዬ ሊን አትስቅም፣ አታሞግስምም ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ፣ ኳሱን አጥብቄ ስመታ፣ ቁመትሽ ሥራ አገኘ አለችኝ።

በበጋው የአንድ ክለብ ሰዎች አይተውኝ፣ ሌላ ከተማ ባለ ካምፕ እየኖርኩ እንድሠለጥን ጠየቁ። አባቴ ባለሙያ ሳያማክር የማይወስን የቢሮ ሰው ነበርና እትዬ ሊንን ጠራት፤ እኔም እንደምትደግፈኝ እርግጠኛ ሆኜ በሩ ላይ ቆምኩ። እሷ ግን በልጅነቷ ለሥልጠና ከቤት እንደተወሰደች፣ እናቷ ስትሞትም አሠልጣኞቿ ውድድሩ እስኪያልቅ ደብቀው ከቀብሩ በኋላ እንደነገሯት በተሰባበረ አማርኛዋ ተረከች። ውድድሩን አሸንፈው እንደነበር አልሸሸገችም።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት» አለችው። «ጎበዝ ስለሆነች አይመልሷትም። አይስጧት።»

እናቴ እንዲህ ያለ ጭካኔ ሰምቼ አላውቅም ብላ አለቀሰች። አባቴ ለክለቡ እንቢ አለ፤ እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። በቀጣዩ ክረምት እትዬ ሊን ወደ አገሯ ስትመለስ ልሰናበታት አልወጣሁም።

ከዚያ ወዲያ የቀረልኝ ትምህርት ስለነበር ተማርኩ። ባሕር ማዶ የዶክትሬት ጽሑፌን ለማቅረብ ስዘጋጅ እናቴ ዐርፋ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተቀበረች፤ እኔ ስደውል ግን ጸበል ገብታለች ይሉኝ ነበር። ተመርቄ በተመለስኩ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ሰብስበው አረዱኝ።

«ትምህርትሽ እንዳይበላሽ ብለን ነው» አለኝ አባቴ።

አልተከራከርኩትም፤ በአገራችን ወግ መሠረት ተገቢውን አድርጎ ነበር።

ሜዳው ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። ያኔ በዚያ ሰርቪስ ቤት ስሜን አቆላምጣ የምትጠራኝ፣ እኔም ከኩርፊያዬ ብዛት የማልመልስላት እናት ነበረችኝ፤ ዛሬ ሁሉም «ዶክተር» ብሎ ይጠራኛል፣ እኔም ወዲያው አቤት እላለሁ።