እኔ ጋ ይከፍታል

ዓርብ ጠዋት አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች ለባብሰው ወደ ኅብረታችን ጸሎት ሲሄዱ፣ እኔ እዚህ ዓረብ አገር፣ ቢን ኦምራን በሚባለው ሰፈር ባለችው ክፍላችን ከላፕቶፔ ጋር እቀራለሁ። ኅብረቱ ድረ ገጽ አለው፤ መዝሙሩና ስብከቱ በቀጥታ የሚተላለፈው በዚያ ነው። የሚያዳምጡት፣ ሰው ቤት የሚሠሩ፣ የዕረፍት ቀን የሌላቸው እህቶች ናቸው። ድረ ገጹ ያለበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የምጠብቀው እኔ ነኝ። በሳምንቱ መሐል ዌስት ቤይ ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው ኮምፒውተሩ ሲበላሽበት የሚደውልላት ሴት ስለሆንኩ፣ ይህም ለእኔ ተሰጠ። ሰው የተሰበሰበበት ቦታ አይሆንልኝምና አልተከራከርኩም።

ከላፕቶፔ ፊት ሆኜ የማያቸው ሰዎች ፊት የላቸውም። ድምፁ እየተቆራረሰ በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚላክ፣ አንድ ሰው ባዳመጠ ቁጥር በሰርቨሩ መዝገብ ላይ መስመር ይጨመራል፤ የመጣበት አድራሻ፣ የጠየቀው ነገር፣ የተመለሰለት ቁጥር። 200 ከሆነ ተሰጥቶታል። 403 ከሆነ ተከልክሏል። ዓርቤን የማሳልፈው 200ዎቹ ሲወርዱ እያየሁ ነው። መስኮት ላይ ተቀምጦ መንገደኛ እንደማየት ነው፤ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም።

አንድ ሰሞን «አይከፍትም» የሚል ወሬ መጣ። ወሬውን በስልክ የሚያመጣልኝ ጉባኤው ላይ ማይክሮፎኑን የሚያስተካክለው ወንድም ነው፤ በሥራው ሾፌር ነው።

«እህቴ፣ ዛሬም አልከፍት አለን እያሉ ነው።»

«እኔ ጋ ይከፍታል።»

«አንቺ ጋማ ይከፍታል፤ ላዩ ላይ ቁጭ ብለሽበት!» ሳቀ። «እንጸልይበት ወይስ አጥፍተሽ ታበሪዋለሽ?»

«ሁለቱንም አድርጌዋለሁ።»

«ያላ፣ እንግዲህ ሦስተኛውን ፈልጊ። ልንጀምር ነው።»

ትምህርት ቤት የገባሁት ካደግኩ በኋላ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ልጆቼ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አውቀዋለሁ ብሎ የሚያልፈው ነገር የለም፤ ስለዚህ የሰርቨሩን ማዋቀሪያ ፋይል ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር አነበብኩት። ስህተት መኖሩን የሚፈትሸውን ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ምንም የለም አለኝ። የፋይል ማስቀመጫው ቦታ አልሞላም። የድረ ገጹ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ጊዜው አላለፈም። በላፕቶፑ ከፈትኩት፤ ተከፈተ። በስልኬ ከፈትኩት፤ ተከፈተ፤ ሰባኪው ሲያስል ይሰማ ነበር።

መዝገቡን ስመለከት ግን 403 በ403 ሆኗል፤ ሁሉም ከአንድ የውጭ አገር አድራሻ። ሰርቨሩ ላይ አንድ ገደብ አለ፤ ከአንድ አድራሻ ጥያቄ ሲበዛ፣ ጥቃት ነው ብሎ ይከለክላል። አድራሻውን ፈለግሁት፤ አውሮፓ ውስጥ ያለ የኮምፒውተር ማዕከል ነው። አውሮፓ ተቀምጦ የእኛን መዝሙር እንዲህ ደጋግሞ የሚጠይቅ ማን ነው? ሌባ ነው አልኩ። ጨርሶ ልዘጋው የእገዳውን መስመር ጻፍኩ። ገና ሳላስቀምጠው ስልኬ ጮኸ።

ዘ ፐርል በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ከፎቅ ቤቶቹ በአንዱ የምትሠራ እህት ናት። አይቻት አላውቅም። ስብከቱ ሲያልቅ ሁልጊዜ «ሰምቻለሁ፣ ተባረኪ» የሚል አጭር የድምፅ መልእክት ትልክልኝ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ እሱም ቀርቷል።

«እህቴ፣ ማዳም ወጣ ብላለች፣ ቶሎ ልናገር» አለች እያንሾካሾከች። «ቅጣቱን እቀበላለሁ። ግን በምን እንደሆነ ልወቅ።»

«የምን ቅጣት?»

«ታግጃለሁ አይደል? ስገባ እኮ በአማርኛ ተጽፎ ነው የሚመጣው፤ ‹እንድትገቡ አልተፈቀደም› ይላል። የማዳም ልጅ ሰርግ ላይ ጨፍሬያለሁ፣ አልዋሽም። እነሱ እየጎተቱኝ ነው። ሰው ነግሯችሁ ነው?»

በኅብረታችን ልማድ ጥፋት የተገኘበት ሰው ንስሐ እስኪገባ ድረስ ከጉባኤ ይታገዳል። ደግሞም በእንግሊዝኛ የሚመጣው የስህተት ገጽ እህቶችን እንዳያስደነግጥ ብዬ፣ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔው ነበርኩ።

«ማንም አላገደሽም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን አይከፍትልኝም? ዛሬም እምቢ ካለኝ ኸላስ፣ ሁለተኛ አልሞክርም። በር ላይ ቆሞ መለመን ይከብዳል።»

«ቆይ። ስልክሽ ላይ ከላይ፣ ከባትሪው አጠገብ ምን ይታይሻል?»

«ባትሪው… ሰዓቱ… ቁልፏ።»

«የምን ቁልፍ?»

«ቪፒኤኗ ናታ! እናቴ ጋ በኢንተርኔት የምደውለው በእሷ አይደል? ያለ እሷ እዚህ አገር የኢንተርኔት ስልክ መቼ ይሠራል? እኔ አጥፍቻትም አላውቅ። ሁላችንም ያው አንዷን ነው የምንጠቀመው፣ ነፃዋን። አንቺ የለሽም እንዴ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ አገር ቤት በምን ትደውያለሽ?»

«አልደውልም።»

ዓይኔ ወደ መዝገቡ ተመለሰ። የማስበው ግን ስለ ራሴ አልነበረም፤ ስለ አድራሻው ነበር። ቪፒኤን ሰውን ሁሉ በአንድ የውጭ አገር በር አውጥቶ ነው የሚልከው። በየማድ ቤቱ ተደብቀው የሚያዳምጡ ሴቶች ሁሉ ለእኔ ሰርቨር አንድ የማይጠግብ ሌባ መስለው ታይተውታል። የሚደውሉለት ሰው ያላቸው ሁሉ ተዘግቶባቸዋል። እኔ ጋ ግን ሁልጊዜ ይከፍታል።

የእገዳውን መስመር አጠፋሁት። የድምፅ ፋይሎቹ ከገደቡ ነፃ እንዲሆኑ ጻፍኩ፣ ፈተሽኩ፣ ሰርቨሩ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ አደረግሁ።

«አሁን ሞክሪ።»

«እየዞረ ነው… እየዞረ ነው… ወይኔ እየዞረ ነው…» ከዚያ የኅብረቱ መዝሙር በስልኳ በኩል ጆሮዬ ውስጥ ገባ። «እሰይ! ገባሁ!» ብላ ጮኸችና አፏን ስትይዝ ተሰማኝ።

«ሰማሽ? ማሽኑ ነው፤ ሰው አይደለም።»

«ስለ ሰርጉም አልሰማችሁም ነበር?»

«አሁን ካንቺ ሰማሁ።»

«ውይ! እንዳትናገሪ በጌታ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «አንቺስ ከነማን ጋር ነሽ?» አለችኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ስልኩን አትዝጊው።»

አልዘጋሁትም። መዝሙሩ እኔ ጋ ቀድሞ ይደርሳል፤ እሷ ጋ ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ ነውና ወደ ኋላ ይቀራል። እያንዳንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ አንዴ ከጠረጴዛዬ፣ አንዴ ከማድ ቤቷ፣ የዕቃ ኳኳታ ተቀላቅሎበት። «ማዳም መጣች» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

የስህተት ገጹን እንደገና ጻፍኩት፤ «ይቅርታ፣ ችግሩ ከእኛ ነው። ማንም አልከለከላችሁም» ይላል አሁን። ሥራዬን ሳላረጋግጥ ስለማልተው፣ እሷ የነገረችኝን ነፃዋን ቪፒኤን ስልኬ ላይ ጫንኩና በዚያ በኩል ገባሁ። ትንሿ ቁልፍ ባትሪው አጠገብ ብቅ አለች። መዝሙሩ ተሰማ።

መዝገቡን አየሁት። ከዚያ ከውጭው አድራሻ 200 በ200 ላይ እየተደረደረ ይወርዳል። ከመስመሮቹ አንዱ የእሷ ነው። አንዱ ደግሞ የእኔ። ከላይ እስከ ታች ብፈልግም፣ የእኔ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ቁልፏን አላጠፋኋትም።