አክስቴ ከማማው ላይ ያየችው

ሦስቱ ሽማግሌዎች ከግራሩ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴ የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሟል። ሊያገባኝ የፈለገው ነጋዴ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከሽማግሌዎቹ በስተቀኝ ቆሟል፤ ወጉ እሱ ቤቱ እንዲቀር ነበር፣ ግን አብሯቸው መጣ። እኔ ከውስጥ፣ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ከሁሉም ራቅ ብላ በማሽላው ዳር ቆማለች፤ ወንጭፏ ትከሻዋ ላይ ነው።

ያ ወንጭፍ ዛሬ እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስነካው የማሽላ አገዳ የሚሸተኝ ይመስለኛል።

ያኔ ቆቦ ከተማ ትምህርቴን ከጨረስኩ ቆይቼ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ተቃርቦ ነበር። ቆማ ቀረች ይሉኝ ጀምረዋል። ሰውዬው ዋጃ ከተማ ሱቅ ነበረው፤ ቤተሰቤ ሁሉ ወደደው። የሽማግሌ ሸክም ይቀበላል፣ የጎረቤት ልጆችን በየስማቸው ይጠራል። ባልንጀራዬን ግን አልወደዳትም። ትቀናብሻለች ስላለኝ እሷ ዘንድ መሄድ ተውኩ። በየት በኩል እንደመጣሁ፣ ከማን ጋር እንደቆምኩ ይጠይቀኝ ነበር። ለኔ ማሰቡ መሰለኝ።

አክስቴ ማሽላው ሲያሽት ማማው ላይ ወጥታ ወፍ ትጠብቅ ነበር። ብዙ አትናገርም። አንድ ቀን ምሳዋን ሳደርስላት፣ "አንዲት ትንሽ ነገር እምቢ በይው" አለችኝ።

"ለምን?"

"እሺ ሲባል ማንም ይስቃል።"

በማግስቱ ሰውዬው ቅዳሜ ዋጃ አብረን እንሂድ ሲል፣ አልሄድም፣ አክስቴን አግዛለሁ አልኩት። በቤተሰቤ ፊት ሳቀ፤ ይሁን አለ። ከዚያ ወደ አክስቴ ስሄድ ልሸኝሽ ብሎ በማሽላው መሐል ባለችው ቀጭን መንገድ ተከተለኝ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነበር፣ ነፋሱ ቅጠሉን ያንሿሿዋል። ወደ ኋላ ዞሮ አየ፣ ወደ ፊት አየ፤ ከዚያ የእጄን አንጓ ጨምድዶ ያዘኝ።

"ሁለተኛ፣ ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ወንጭፉ ጮኸ። ድንጋዩ ከራሳችን በላይ እያፏጨ አለፈ። ሰውዬው ቀና ሲል አክስቴ ማማው ላይ ቆማ ታየዋለች። ለቀቀኝና ፈገግ ብሎ፣ "እማማ፣ እንደምን ዋሉ?" አላት። ከአያያዙ ይልቅ ፊቱ የተለወጠበት ፍጥነት አስፈራኝ።

እንግዲህ በዚያ የሽምግልና ቀን አባቴ ወግ ነውና፣ "እትዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብሎ ጠየቃት። አክስቴ ያየችውን ነገረችው። ሽማግሌዎቹ ሰውዬውን ዞረው አዩት።

"እማማ ቀኑን ሙሉ ወፍ ሲያባርሩ ይውላሉ" አለ እሱ እየሳቀ። "እኔንም ወፍ አድርገውኝ ይሆናል።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንደኛው፣ "ወጣት ነው፣ ትንሽ ተናዶ ይሆናል" አለ።

አክስቴ ወደ ሽማግሌው ዞረች፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "የተናደደ ሰው ዙሪያውን አያይም፣ አባቴ። ይኼ ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ አየ፣ ወደ ፊት አየ። ሰው እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ ነው የያዛት። ወደ ላይ ማየት ብቻ ረሳ።"

ሳቁ ቆመ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ አንጓዬን ይዤ ነበር። አባቴ መቃኑን ትቶ በሩ መሐል፣ ከመጋረጃው ፊት ቆመ።

ሽማግሌዎቹ በትራቸውን አንሥተው፣ ሰውዬውን አስከትለው ሄዱ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወንጭፏን ይዛ፣ ወደ ማሽላው ገባች።